የግድቡ አናት ከፍ ሲል የሚሰምጠው ጭራው ነው

«ለግድቡ ሁለት ሜትር ብቻ ይጨመርለት» የሚለው ጥያቄ በሰሜን ሸዋ ደጋ ጎልቶ የሚሰማው ከጥር እስከ መጋቢት ነው። በቦዩ ራስ ያለው ገበሬ ድንቹን ሦስቴ ሲያጠጣ፣ በቦዩ ጫፍ ያለው ተራው ሳይደርሰው ውኃው ያልቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ያው ግድብ ሞልቶ ትርፉ ሌት ተቀን በማስተንፈሻው ሲወርድ ሁሉም አይቷል። ስለዚህ ጥያቄው አግባብ አለው። ውኃው አለ፣ ማስቀመጫው ጠበበ።

ችግሩ ጥያቄው ሲነሣ የሁሉም ዐይን ግድቡ አናት ላይ መሆኑ ነው። መሐንዲሱ ስንት ሜትር ኩብ አፈር እንደሚሞላ ያሰላል፣ ወረዳው ስንት ብር እንደሚፈጅ ይጠይቃል። የአፈር ግድብ ከፍ ሲል ግን ትልቁ ዋጋ የሚከፈለው ሌላ ቦታ ነው። አንዱ ውኃው በሚያልቅበት በላይኛው ጭራ፣ ሌላው ከግድቡ ግርጌ በታች። አማራጮችን ከአካባቢ ጉዳት አንጻር የሚመዝን ሰው መጀመሪያ እግሩ ሊረግጥ የሚገባው እነዚህን ሁለት ቦታዎች ነው ብዬ አምናለሁ።

ከጭራው እንነሣ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በባሶና ወራናም ሆነ በአንጎለላና ጠራ፣ ሜዳው ሰፊና ለጥ ያለ ነው። መሬቱ በ100 ሜትር 2 ሜትር ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ የውኃው ከፍታ 2 ሜትር ሲጨምር ዳርቻው በዚያ አቅጣጫ 100 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ተዳፋቱ በ100 ሜትር 10 ሜትር የሚወጣ ቢሆን ኖሮ የሚገባው 20 ሜትር ብቻ ነበር። ስለዚህ ያው ሁለት ሜትር በጀማ ወንዝ ገደል አፋፍና በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ አንድ ነገር አይደለም።

ለስሌት የሚመች ምሳሌ እንውሰድ። ቁመቱ 12 ሜትር የሆነ፣ ሲሞላ 20 ሄክታር የሚሸፍንና 700 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ የሚይዝ ግድብ አለ እንበል። ቁመቱ 14 ሜትር ሲሆን የሚሸፍነው 29 ሄክታር ሆነ። የተጨመረው ውኃ የሁለቱ ስፋት አማካይ በ2 ሜትር ተባዝቶ 490 ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል። ሰው በዚህ ቁጥር ይማረካል፤ በ2 ሜትር ግድቡ በ70 ከመቶ አደገ ማለት ነው። ግን የተጨመረው 9 ሄክታር ጥልቀት የሌለው ስስ ውኃ ነው። ፀሐዩና ነፋሱ በቀን 4 ሚሊሜትር ቢወስድ፣ በ240 ደረቅ ቀናት ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። ዳርቻው ሞልቶ ቢቆይ ከ9 ሄክታሩ ላይ ብቻ 86 ሺህ ሜትር ኩብ ይተናል። ውኃው በመስኖ እየቀነሰ ስለሚሸሽ የእውነቱ ትነት ከዚህ ያንሳል፤ 60 ሺህ ብንል እንኳ ከ490 ሺው ላይ መቀነስ አለበት።

ታዲያ 9 ሄክታሩ ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ የማንም እርሻ አይደለም፤ ጨፌ ነው። ክረምት ሙሉ ውኃ ተኝቶበት የሚከርም፣ ጥቅምት ላይ ድርቆሽ የሚታጨድበት፣ ውርጭ ሌላውን ሣር ካቃጠለ በኋላ ጥርና የካቲት ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ የወል ግጦሽ። እንጨት በጠፋበት ደጋ ኩበቱ የሚለቀመው ከዚያ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ የሚውለውም እንዲህ ባለ እርጥብ ሣር ላይ ነው። የወል መሬት በማንም የይዞታ ደብተር ላይ ስላልሰፈረ ግምገማው ላይ «ባዶ መሬት» ተብሎ ለማለፍ ቀላል ነው። ለእኔ ከጠቅላላ ምዘናው ትልቁ ስሕተት ይኸ ነው። ስንት በግና ስንት ከብት በየትኛው ወር እዚያ እንደሚውል፣ ስንት ሸክም ድርቆሽ እንደሚታጨድ፣ ስንት ቤት ኩበት እንደሚለቅም መቆጠር አለበት። ይህን የሚያውቁት እረኞቹና ሴቶቹ ናቸው፤ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ግን እምብዛም አይታዩም።

ጉዳቱ በጠፋው ሣር ብቻ አያበቃም። የውኃው ደረጃ በየወሩ ከፍና ዝቅ ሲል ዳርቻው ላይ ስስ፣ ሞቅ ያለ፣ ጭቃማ ቀለበት ይፈጠራል። የበግ ጉበት ትል የሚተላለፍባት ትንሽ ቀንድ አውጣ የምትራባው በእንዲህ ዓይነት እርጥበት ነው። የመንዝ በግ የሚረባበት አካባቢ ላይ ይህን ከቁም ነገር አለመቁጠር ቀልድ አይደለም፤ ሣሩ የጠፋበት ሰው በጉም ይከሳበታል። ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ወይና ደጋና ቆላ ደግሞ የዚህ ዓይነቱ ዳርቻ የወባ ጉዳይ ይሆናል።

ጭቃው ሌላ ነገርም አለው። መጋቢት ላይ ውኃው ሲሸሽ ከዳርቻው እስከ ውኃው ድረስ ሰላሳ አርባ ሜትር ለስላሳ ደለል ይቀራል። ላዩ ደርቆ የተሰነጠቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ገና ቂጣ ያልሆነ ሊጥ ነው። የጠማት ላም እስከ ጉልበቷ ትገባና መውጣት ያቅታታል፤ ስትፈራገጥ ይብስባታል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ከብት በተለመደ መንገዱ በሚወርድበት ቦታ ስፋቱ 6 ሜትር ገደማ የሆነ በድንጋይ የተነጠፈ መውረጃ እስከ ዝቅተኛው የውኃ ደረጃ ድረስ ማውረድ፣ ከተቻለም ከመውጫው ቱቦ ቅርንጫፍ አውጥቶ ከግድቡ በታች የከብት ገንዳ መሥራት። ይህ በጀቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ካልገባ በኋላ አይገባም።

አሁን ወደ ግድቡ አካል እንምጣ። በጣም የተለመደው ማሳደጊያ በደረቁ ወገን፣ ማለትም ውኃው ከሚተኛበት በተቃራኒ ባለው ጎን፣ አፈር መሙላት ነው። የውኃው ወገን ተዳፋት 3 ለ1 (3 ሜትር ወደ ጎን ሲሄድ 1 ሜትር የሚወጣ)፣ የደረቁ ወገን 2.5 ለ1፣ የአናቱ ስፋት 4 ሜትር ይሁን። በጥልቁ ቦታ ላይ 12 ሜትሩ ግድብ በአንድ ሜትር ርዝመት 444 ሜትር ኩብ አፈር አለው። 14 ሜትር ሲሆን 595 ይሆናል። ቁመቱ 17 ከመቶ ሲጨምር አፈሩ 34 ከመቶ ጨመረ፣ ግርጌው ደግሞ 11 ሜትር ወደ ታች ተገፋ። የተጠቀጠቀ 151 ሜትር ኩብ ለማግኘት 190 ገደማ የላላ አፈር መጫን አለበት፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ለእያንዳንዱ የግድብ ሜትር 12 ምልልስ ነው። በገጠር መንገድ ላይ፣ በተማሪዎችና በገበያተኛ መካከል።

ያ 11 ሜትር ባዶ ቦታ ላይ አያርፍም። ከአፈር ግድብ በታች ሁልጊዜ ትንሽ ስርገት አለ፤ ስርገቱ አረንጓዴ ሣር ያበቅላል፣ ምንጭ ይሆናል፣ ሰው ይቀዳበታል። አዲሱ ሙሌት ያን ይቀብረዋል። ይህ ለሰዎቹ ጉዳት ነው፤ ለግድቡ ደግሞ አደጋ ነው። የድሮው የግርጌ ማፋሰሻ ሳይራዘም ከተቀበረ ውኃው መውጫ አጥቶ አዲሱን ሙሌት ከውስጥ ያረጥበዋል፣ ተዳፋቱም ይንሸራተታል። ስለዚህ በአሮጌውና በአዲሱ አፈር መካከል ውኃውን አሳልፎ አፈሩን የሚያስቀር የአሸዋ ፊልተር ይገባል፣ እስከ አዲሱ ግርጌም ይዘረጋል። መውጫው ቱቦም እንዲሁ 11 ሜትር መራዘም አለበት፤ የአሮጌና የአዲስ ቱቦ መጋጠሚያ ውኃ አፈር እየበላ መንገድ የሚከፍትበት የታወቀ ቦታ ነውና በዚያ ዙሪያ ያለ ፊልተር መሙላት አይገባም። የተሰበሰበውን ስርገት ሦስት ማዕዘን አፍ በተቆረጠለት የውኃ መለኪያ አሳልፎ ወደ ቀድሞው ምንጭ ሰዎች መመለስ ይቻላል። መለኪያው ላይ 5 ሴንቲሜትር የሚያሳይ ውኃ በሴኮንድ ሦስት ሩብ ሊትር ገደማ ነው፤ 10 ሴንቲሜትር ሲያሳይ ግን እጥፍ ሳይሆን ከ4 ሊትር በላይ ነው። ከመጠኑም ይልቅ የሚያስፈራው ቀለሙ ነው። የደፈረሰ ስርገት ግድቡ ከውስጥ እየተሸረሸረ መሆኑን ይናገራል።

አፈሩ ከየት ይምጣ? በሞረትና ጅሩ እነዋሪ ዙሪያ ገበሬው ጥቁሩን መረሬ ውኃ እንዳይተኛበት በእጁ ሰፊ መደብ እየሠራ ስንዴ የሚዘራበት ምክንያት የዚህን አፈር ጠባይ ስለሚያውቅ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። በግድብ መካከል፣ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ተሸፍኖ ሲቀመጥ ውኃ በደንብ ይይዛል። በውጭው ልብስ ላይ ሲደረግ ግን በበጋ ይሰነጠቃል፣ የሐምሌ ዝናብ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ የላይኛው አንድ ሜትር እንዳለ ይንሸራተታል። ለውጭው ቀይ አፈር ወይም የበሰበሰ ድንጋይ ያለበት አፈር ይሻላል።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ብርጭቆ ውኃ የሚበቃው ፈተና አለ። የተፈጥሮ እርጥበቱን የያዘ፣ እንደ ሽንብራ ፍሬ የሚያህል ጓል ከአፈር ማውጫው ይወሰድና ጨው በሌለበት የተጣራ ውኃ ውስጥ በቀስታ ይለቀቃል። አንድ ሰዓት ሳይነኩ መጠበቅ ነው። ጓሉ ፈርሶ ክምር ቢሆን ችግር የለም። ዙሪያውን እንደ ወተት ጭስ የሚመስል ደመና ወጥቶ ታች ላይ ከተንሳፈፈ ግን አፈሩ በውኃ ውስጥ ራሱን የሚበትን ዓይነት ነው፤ በእንዲህ ያለ አፈር የተሠራ ግድብ በትንሽ ስንጥቅ ተጀምሮ በአንድ ሌሊት ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ከየማውጫው አሥር አሥር ጓል መሞከር የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ማውጫውን ግድቡ ውኃ በሚሸፍነው ክልል ውስጥ ማድረግ ከሁሉ ይሻላል፦ ተጨማሪ እርሻ አይነካም፣ የወጣው አፈር ቦታም ውኃ ይይዛል። ግን ከግድቡ ግርጌ መራቅ አለበት፤ በወለሉ ላይ ያለው ውኃ የማያሳልፍ የሸክላ ንጣፍ ከተገፈፈ ያ ሁሉ ድካም ከሥር ይፈስሳል። ማውጫው ውጭ ከሆነ የላይኛው 20 ሴንቲሜትር ለም አፈር ለብቻው ተከምሮ በኋላ መመለስ፣ የጉድጓዱ ግድግዳም ተዳፋት ሆኖ መስተካከል ይኖርበታል። ሳይስተካከል የቀረ የአፈር ማውጫ ክረምት ላይ ሕፃናት የሚሰምጡበት ኩሬ ነው። ለፊልተሩ የሚሆን አሸዋ ደግሞ ደጋው ላይ እንደ ልብ የለም፤ ከቆላ ወንዞች ይመጣል። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን አጠገብ ያለ ግድብ ሲያድግ ታች ያለ የወንዝ ዳርቻም ይቆፈራል ማለት ነው፣ ይህም በምዘናው ውስጥ ይገባል።

የሥራው ጊዜ ራሱ ምርጫ ነው። አፈሩ በ20 ሴንቲሜትር ንብርብር እየተነጠፈ፣ እርጥበቱ ከተፈለገው ልክ በ2 ከመቶ ሳይርቅ በሮለር መጠቅጠቅ አለበት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ የላይኛውን ንብርብር ያረግበዋል፤ ጧት ያ ተፍቆ ካልተነሣ ላላ ያለ ሽፋን በሁለት ጠንካራ ንብርብሮች መካከል ይቀበራል። የካቲትና መጋቢት ላይ በልግ ከገባ ደግሞ ሥራው በጭቃ ይቆማል። እውነተኛው የሥራ ወቅት ሰው በዕቅድ ላይ ከሚጽፈው በጣም ያጥራል። ግማሽ ላይ የደረሰ ሙሌት ይዞ ሰኔ ውስጥ መግባት ደግሞ አንድ ክረምት ሙሉ የሚታጠብ አፈር ለታችኛው ወንዝ መስጠት ነው።

በውኃው ወገን መሙላትስ? የግርጌውን ምንጭና መሬት ያተርፋል፣ ነገር ግን ግድቡን ማድረቅ ይጠይቃል። አንድ የመስኖ ዓመት ይጠፋል፣ ዓሣው ያልቃል፣ በፍጥነት ከተለቀቀ ደግሞ እርጥቡ የውኃ ወገን ተዳፋት ደጋፊውን አጥቶ ይናዳል፤ ከታች የተከማቸው ደለልም ከውኃው ጋር ወርዶ የታችኛውን ወንዝ ያደፈርሳል። ከዚያ በላይ አዲሱ አፈር የሚያርፈው ለስላሳ ደለል ላይ ሊሆን ይችላል። ለአነስተኛ ግድብ ይህን መንገድ አልመክርም። በአናቱ ላይ የኮንክሪት ወይም የድንጋይ ግንብ ማቆም ደግሞ ለማዕበልና ለድንገተኛ ጎርፍ መከላከያ ብቻ ነው፤ ከውስጡ ኮር፣ ማለትም ውኃ ከሚያግደው የሸክላ እምብርት ጋር ካልተያያዘ ሥሩ ያፈሳል። መደበኛ ውኃ ሊደገፍበት አይገባም።

ስለ ማስተንፈሻው ግን ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም መሐንዲሶች ስፒልዌይ የሚሉት ይህ ቦታ የሰው ሕይወት ያለበት ነው። የአፈር ግድብ ውኃ በአናቱ ላይ ካለፈበት በሰዓታት ውስጥ ሊበላ ይችላል። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል በማስተንፈሻው አፍ ላይ በአፈር የተሞላ ማዳበሪያ መደርደር ብዙዎች ያለ ወጪ ውኃ የሚያገኙበት ዘዴ ይመስላቸዋል። ስፋቱ 15 ሜትር የሆነ፣ ከአፉ እስከ አደገኛው የውኃ ደረጃ 1.2 ሜትር ያለው ማስተንፈሻ በሴኮንድ 33 ሜትር ኩብ ያህል ጎርፍ ያሳልፋል። አፉ በ50 ሴንቲሜትር ቢደፈን የሚያሳልፈው ወደ 15 ይወርዳል። ከግማሽ በታች! ጎርፉ ግን ያው ጎርፍ ነው።

ስለዚህ የትኛውም የማሳደግ አማራጭ ማስተንፈሻውን ካላሰፋ ወይም እንደገና ካልሠራ አማራጭ ተብሎ መቅረብ የለበትም። ቦታው ጠባብ ከሆነ በዚያው ስፋት ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ዚግዛግ ግንብ መሥራት ይቻላል፤ የአፉ ርዝመት ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለሚሆን በትንሽ ከፍታ ብዙ ያሳልፋል። አንዳንዴ የግድቡ አናት ሳይነካ በዚህ ብቻ ግማሽ ሜትር ውኃ ይገኛል። ከአፈር ሙሌት ጋር ሲተያይ ይህ አማራጭ የግርጌውን ምንጭ አይቀብርም፣ ማውጫ አይቆፍርም፤ የሚያሰምጠው ጨፌም ጥቂት ነው። ሲሚንቶና ልምድ ያለው ሠራተኛ ግን ይጠይቃል።

ምንም ሳያሳድጉ ውኃ ማግኘትም አማራጭ ነው፣ በአብዛኛው ምዘና ላይ ግን «ባለበት መተው» በሚል አንድ መስመር ያልፋል። ያው ምሳሌያችን ከሚይዘው 700 ሺህ ውስጥ 600 ሺው ለመስኖ የሚወጣ ይሁን። የአፈር ቦዩ በመንገድ 40 ከመቶ ቢያባክንና በድንጋይና በሲሚንቶ ተለብጦ ብክነቱ ወደ 20 ቢወርድ፣ 120 ሺህ ሜትር ኩብ ማሳ ላይ ይደርሳል፤ ለሄክታር 5,500 ሜትር ኩብ ብንይዝ 22 ሄክታር ገደማ ያጠጣል፣ አንድም ካሬ ሜትር ጨፌ ሳይሰምጥ። ማሳደጉ የሚሰጠው 490 ሺህ ትነቱ ተቀንሶ፣ በዚያው በሚያፈስ ቦይ ሄዶ 47 ሄክታር ገደማ ያጠጣል። ማሳደጉ ይበልጣል፣ ይህን መካድ አያስፈልግም። ግን 9 ሄክታር ግጦሽ የሚያጡት ሰዎችና 47 ሄክታር የሚያጠጡት ሰዎች አንድ ናቸው ወይ? እኔ የምመርጠው መለኪያ ማሳ ላይ ለደረሰ እያንዳንዱ ሺህ ሜትር ኩብ ስንት መሬት፣ ከማን እጅ ወጣ የሚለውን ነው። ግድቡ የያዘው ውኃ ብቻውን ምንም አይናገርም።

ግድቡን ከማሳደግ ይልቅ የተኛበትን ደለል መጥረግም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ መጀመሪያ መጠኑ ይታወቅ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ምልክት የተደረገበት ገመድ ጫፉ ላይ ሰፊ ክብደት አስሮ፣ በየ25 ሜትሩ ከጀልባ እያወረዱ መለካት ነው። ከመጀመሪያው የመሬት ከፍታ ካርታ ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደተደፈነ ይታወቃል። ለምሳሌ 150 ሺህ ሜትር ኩብ ደለል ማውጣት በዚያው ሲኖትራክ 9,375 ምልልስ ነው፤ በቀን 80 ምልልስ ቢሠራ 117 ቀን፣ ማለትም አንድ ሙሉ በጋ። ውድ ነው። ግን የወጣው ደለል ለተራቆተ ማሳ ማዳበሪያ ይሆናል፣ አዲስ መሬትም አያሰምጥም።

ተፋሰሱ ሳይታይ ግን ማሳደግም ሆነ መጥረግ ለጥቂት ዓመት ነው። 1,000 ሄክታር ተፋሰስ በዓመት ከሄክታር 10 ቶን አፈር ቢለቅ ግድቡ ውስጥ 8,300 ሜትር ኩብ ገደማ ይተኛል፤ የተጨመረው 490 ሺህ ለመደፈን 59 ዓመት ይወስዳል። 40 ቶን ቢለቅ 15 ዓመት ብቻ። ይህን ለመገመት ከሩቅ አገር ቁጥር መዋስ አያስፈልግም፤ በዚያው በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ሲና በላይ፣ ከ1974 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዝናብ፣ ጎርፍና የሚታጠብ አፈር ሲለካበት የኖረ «አንዲት ጥድ» የተባለ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ አለ። ከ470 ሄክታር በላይ የሆነ ደጋ ተፋሰስ ላይ የተለካ ነገር ለደጋ ግድብ የቅርብ ዘመድ ነው።

የታችኛውን ወንዝ በተመለከተ ቦታው ይወስናል። በደብረ ብርሃኑ በረሳ ወንዝ ላይ ተጨማሪ የሚታቆር ውኃ ከጀማ፣ ከዚያም ከዐባይ የሚቀነስ ነው። ከጣርማ በር ገደል በስተምሥራቅ ከሆነ ግን ወንዙ ወደ አዋሽ ይወርዳል፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ያለ ገበሬና ከዚያ በታች ያለ አርብቶ አደር ይጠብቀዋል። በሁለቱም በኩል በበጋ መለቀቅ ያለበት ዝቅተኛ ውኃ በሊትር በሴኮንድ ተጽፎ በመውጫው ቱቦ ላይ ራሱን የቻለ ትንሽ ቀዳዳ ሊሠራለት ይገባል። የቧንቧው ቁልፍ በያዘ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ሲቀር በመጋቢት ይዘጋል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ግምገማው ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንዲሆን ያዝዛል። በተግባር ግን አማራጮቹ ሠንጠረዥ ላይ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ተሰጥቷቸው ይደመራሉ። ድምሩን አላምነውም። ጠበል ወይም መካነ መቃብር መስመጡ 1 ነጥብ አስቀንሶ፣ ርካሽ አፈር መገኘቱ ያንኑ ነጥብ ሊመልስ አይገባም። መጀመሪያ የማይታለፉት መስመሮች ይሰመሩ፦ የማስተንፈሻው አቅም፣ አፈሩ በውኃ መበተን አለመበተኑ፣ ጠበሉና መቃብሩ፣ ቤት ያለበት ቦታ። አንዱን የጣሰ አማራጭ ይውጣ። የተረፉት ብቻ ይወዳደሩ።

ለዚህ ሁሉ የመጀመሪያው ሥራ ችካል ነው። ሌቭል በሚባለው የከፍታ መለኪያ መሣሪያ የአዲሱን መደበኛ ውኃ ደረጃ በአንድ ቀለም፣ የጎርፉን ደረጃ በሌላ ቀለም በየ25 ሜትሩ ችካል መትከል፣ ከዚያ እረኞቹን፣ ኩበት ለቃሚዎቹን፣ የቤተ ክርስቲያኑን አባቶችና የታችኛው ቀበሌ ሰዎችን ይዞ መስመሩን በእግር መዞር። በገባር ጅረቶቹ በኩል ችካሉ ከስሌቱ ትንሽ ከፍ ይበል፤ ጅረቱ ደለሉን የሚጥለው ሐይቁ ውስጥ እንደገባ ስለሆነ ረግረጉ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ይሄዳል። ይህ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሠራ። ሐምሌ ላይ ጨፌው ራሱ ውኃ ስለሆነ የትኛው የግድቡ፣ የትኛው የሜዳው እንደሆነ አይለይም።